ማኅተማችሁ ያረፈበት መርዶ

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሼክ ኑር፣ ሀርጌሳ

ለታዳጊዎች ንባብ መጻሕፍት መራጭና አጽዳቂ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «አሥራ ሦስተኛው ቀልድ» ለተባለው የታዳጊዎች አስፈሪ ልብ ወለድ ስለሰጣችሁት ማኅተም ምስጋና ስለማቅረብ

እጅግ የተከበራችሁ የኮሚቴው ሰብሳቢና አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ ሰውነታችሁ ጤናን፣ ለቤታችሁ ሰላምን፣ በተለይ ደግሞ ለዓይናችሁ ብርታትን እመኛለሁ። ለዓይናችሁ አብልጬ የምመኘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን መጽሐፍ ስታጸድቁ ዓይናችሁን ለአንድ ገጽ ያህል እንኳ እንዳላደከማችሁት በሚገባ ስለተረዳሁ፣ እንዲህ በቁጠባ የተያዘ ዓይን እስከ እርጅናችሁ ያለ መነጽር እንደሚያገለግላችሁ አልጠራጠርም።

እኔ አቻምየለህ እባላለሁ። በሀርጌሳ ከተማ በልስን ሥራ የምተዳደር፣ ቀድሞ በምሥራቅ ጎጃም የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር የነበርኩ ሰው ነኝ። ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ በእድራችን ዳኛ በአቶ ቸርነት ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ልጆች ሰብስቤ አማርኛ አስነብባለሁ። ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ ወይም ጡት ሳይጥሉ በእናታቸው ጀርባ ድንበር የተሻገሩ ናቸው፤ በትምህርት ቤት ሶማልኛና እንግሊዝኛ ስለሚማሩ ፊደላችንን የሚያዩት በዚያች ግቢ ብቻ ነው። መጽሐፍ የሚደርሰን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከጅግጅጋ በሚነሣ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ነው። ከዚህ ሆኜ አገላብጬ መምረጥ ስለማልችል፣ የእናንተ ወርቃማ ክብ ማኅተም ያረፈበትን መጽሐፍ ዓይኔን ጨፍኜ አዝዝ ነበር። ለካ ዓይን መጨፈን ከእናንተ የተጋባብኝ ኖሯል።

ለዚህ ሁሉ ውለታ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ከማኅተማችሁ ሥር «እንቅልፍ የሚነሣ» የሚል ቃል ስላሳተማችሁልን እናመሰግናለን። መጽሐፉ እንቅልፍ አልነሣንም፤ ገጽ ሠላሳ ላይ ስንደርስ ከዘጠኙ ልጆች ሦስቱ አንቀላፍተውብኛል። መጽሐፉን ላላየ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሚማሩ አራት የሀብታም ልጆች በሰው ላይ አሥራ ሦስት ቀልድ ለመሥራት ይወራረዳሉ፤ በመጀመሪያው ቀልድ ደንግጦ የሞተው የትምህርት ቤቱ ዘበኛም መንፈስ ሆኖ ሊበቀላቸው ይከተላቸዋል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምናገረው። በሰው ላይ የሚስቅ ልጅ ተራው ደርሶ ሲፈራ ማየት ጥሩ ታሪክ ይወጣው ነበር። ደራሲው ግን ምስኪኑን ዘበኛ አሥር ጊዜ ከቁም ሣጥን አስወጥቶ አሥር ጊዜ «ሃ ሃ ሃ» ካሰኘው በኋላ ሌላ የሚያሠራው ሥራ አጥቶለታል። ትዝታ የምትባለው የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪዬ እርሳስ ይዛ ስትቆጥር «በድንገት» የሚለውን ቃል መቶ አርባ አንድ ቦታ አግኝታዋለች። ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደነግጣል፤ በመቶ አርባ አንደኛው ላይ ለመንፈሱ ወንበር ስቦ «ተቀመጥ» ይለዋል።

ሁለተኛ፣ የአዲስ አበባ ልጆች እንዴት እንደሚናገሩና በምን ዓይነት ቤት እንደሚኖሩ ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን። የእኛ ልጆች ሲደነግጡ «በስመአብ» ይላሉ፤ የሠፈራችን የሶማሌ ልጆች «ቢስሚላሂ» ይላሉ፤ በእናንተ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ግን ከፈረንጅ ፊልም ግርጌ እንደተለቀመ ጽሑፍ «ኦ አምላኬ! ይህ እየሆነ ሊሆን አይችልም!» ይላሉ። መንፈሱ የሚኖረው ደግሞ በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል በተሠራ፣ ደረጃና መስኮት ባለው ሰፊ ክፍል ነው። አሥራ አንድ ዓመት በግንባታ ላይ ስኖር እንዲህ ያለ ክፍል አልገጠመኝም። በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል የሚኖር አይጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ተጎንብሶ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ እናመሰግናለን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ካስኬዳችሁን በኋላ ለካስ ነገሩ ሁሉ ሕልም ኖሯል! ከልጆቹ በዕድሜ ትልቁ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ኢዩ፣ መጽሐፉን ዘግቶ እኛም ተኝተን ብንጨርሰው ይሻለን ነበር ብሎኛል። ይህንንም አስተያየት ከማኅተማችሁ ጎን አሳትሙልን።

አራተኛ፣ ስለ ሰባተኛው ቀልድ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በሰባተኛው ቀልድ አራቱ ልጆች ድምፃቸውን ለውጠው ለሠፈሩ እድር ዳኛ ስልክ ይደውሉና የቤት ሠራተኛቸው እናት ከገጠር አረፈች ይላሉ። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ሠራተኛዋን ያረዷታል። እሷም ማድ ቤት ወለል ላይ ትወድቃለች፤ ልጆቹ ከመጋረጃ ጀርባ ዘለው ወጥተው «ሰባተኛው!» ብለው ይስቃሉ፤ ምዕራፉም ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘጠና አራት ገጾች ውስጥ ያቺን ሴት ከወለሉ ላይ ማንም አያነሣትም፤ ስሟም ዳግም አይጠራም። መንፈሱ እንኳ፣ ሥራው በቀል ሆኖ ሳለ፣ አላስታወሳትም። እናንተም አላስታወሳችኋትም። እኔም አላስታወስኳትም፤ ምዕራፉን ጮክ ብለው ሲያነቡልኝ አንዲት ልጅ «አዘቅዝቀው» በሚለው ቃል ስትደናቀፍ አርሜያት ወደ ስምንተኛው አለፍኩ። መምህር ነበርኩ ስል ይህን እያሰብኩ አፍራለሁ።

ልጆቹ ግን አላለፉትም። መጽሐፉ ምንም ስላላስፈራቸው፣ ኢዩና ትዝታ ቀልድ በእውነት ሰው ያስደነግጥ እንደሆነ ራሳቸው ሊሞክሩት ተማከሩ። የመረጡት ይመኙሻልን ነው። ይመኙሻል ከእኔ ወረዳ የመጣች፣ ከዋሄን ገበያ በላይ ባለው ሠፈር በወይዘሮ ሉል ቤት የምትሠራ፣ ዓርብ ዓርብ ከእኛ ጋር የምትውል ሴት ናት። ከሁላችን ይልቅ ቀልድ ትወድ ነበር፤ ልጆቹም የመረጧት ስለሚወዷት ነው። እናቷ ክረምቱን በሙሉ በደም ብዛት ታመው እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ኢዩ ሐሙስ ዕለት፣ ዋሄን ገበያ ሽንኩርት ከሚያወርደው አባቱ ጋር ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወረደ። እዚያ የኢትዮጵያ ኔትወርክ ስለሚይዝ የአባቱን የኢትዮጵያ ቁጥር ተጠቅሞ፣ ድምፁን እንደ ጎጃም ሽማግሌ አጎርንኖ ለአቶ ቸርነት ደወለ። የወንድሟ ጎረቤት ነኝ፣ እናቷ አርፈዋል፣ እባካችሁ በወጉ ንገሯት ብሎ ዘጋ። አቶ ቸርነት መልሰው ቢደውሉ ስልኩ ተዘግቷል፤ የወንድሟም አይሠራም። መርዶ ደግሞ ቶሎ ካልተነገረ ከሌላ አፍ በጎን ይሰማል ብለው ፈሩ። በዚህ ከተማ ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱ እድሩ ነው፤ ደጁ ላይ እኛ ካልቆምን የሚቆምለት የለም። ሌላ ያጣራነው ነገር አልነበረም፤ የመርዶ ስልክ እየዋሸ ሊመጣ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው እስከዚያ ቀን በመካከላችን አልነበረም።

መስከረም 9 ቀን ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነን፣ ነጠላችንን በፌስታል ይዘን፣ በሁለት ባጃጅ ወይዘሮ ሉል በር ደረስን። በሩ ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደረብን። የአገሯ ሰው እኔ ስለሆንኩ የመናገሩ ዕጣ ለእኔ ደረሰ። ይመኙሻል መጥረጊያ ይዛ ከፈተችልን፤ አየችን፤ እኔም «አይዞሽ፣ እናትሽ አርፈዋል» አልኳት። የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ ይህን ቃል የተናገረው የእኔ አፍ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መልሼ ልይዘው አልቻልኩም።

ወደቀች። ወይዘሮ ሉል በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጥተው ራሷን በጭናቸው ላይ አድርገው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያሉ አብረዋት አለቀሱ። ቀድመውን ገብተው ከግቢው የውኃ ሮቶ ጀርባ የተደበቁት ኢዩና ትዝታ፣ በመጽሐፉ መሠረት ዘለው ወጥተው «ሰባተኛው!» ማለት ነበረባቸው። የሰው ልጅ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ መጽሐፋችሁ ስላልነገራቸው ግን በጓሮ በር ሮጠው ጠፉ፤ ሦስት ቀንም ለማንም ሳይናገሩ ቆዩ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ይመኙሻል በሕይወት ላሉት እናቷ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ወይዘሮ ሉል ድሬዳዋ ያደጉ ሴት ስለሆኑ የእሳቸው ቤት እርድ ለእኛ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለለቅሶው የመጣው ሰው ባርኮ እንዲያርድ ፍየሉን በቁሙ አስነድተው ላኩልን። በሦስተኛው ቀን ትዝታ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታ ተናገረች። ከሰዓት በኋላም የወንድምየው ስልክ ሠራና እናትየው ራሳቸው መስመሩ ላይ መጡ። ሳልሞት ካለቀስሽልኝማ ዕድሜዬ ረዘመ ብለው ሳቁ። ይመኙሻልም ሳቀች፤ ልጆቹን ሳመቻቸው፤ እኛም ሳቅን። እኔ ኢዩን ሁለት ዓርብ ከንባብ አግጄ ነገሩ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ።

እናትየው ጥቅምት 14 ቀን በእውነት አረፉ።

በዚህ ጊዜ አቶ ቸርነት ወንድሟን ጠየቁ፣ የወንድሟን ጎረቤት ጠየቁ፣ የእናትየውን የንስሐ አባት ሳይቀር በስልክ አግኝተው ጠየቁ። እነዚያው ሰባታችን፣ ያንኑ ነጠላ ደርበን፣ ያንኑ በር አንኳኳን። ይመኙሻል ከፈተች። አንድ በአንድ አየችን። ሳቀችና ዛሬስ ሮቶው ሥር ማን ነው ያለው ብላ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ሄዳ ከሮቶው ጀርባ ተመለከተች። ማንም አልነበረም። ተመልሳ መጥታ፣ ልጆቹን ያላየቻቸው የተሻለ ስለተደበቁ እንደሆነ ነገረችንና ግቡ ሻይ ጠጡ አለችን።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ ድንበር በእግሬ ስሻገርም ፈርቻለሁ። ያቺ ሴት ሮቶው ሥር ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ያየሁበትን ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም። ደራሲያችሁ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ያቃተውን ነገር አንድ መጥረጊያና አንድ ሮቶ አደረጉት።

አቶ ቸርነት እያለቀሱ ማሉላት፤ የሽማግሌ እንባም ቀልድ ሆነ እንዴ ብላ አባበለቻቸው። ወንድሟ በስልክ ሲያለቅስ ሰማችውና አንተም ለመድክ ብላ ዘጋችበት። ወይዘሮ ሉል «ወላሂ» ብለው ሲምሉ እርስዎንም ዳግም አታለሉዎት እትዬ ብላ አዘነችላቸው። የእናቷ ስልክ አይነሣም፤ ባትሪ አልቆባት ነው ትላለች። «የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» ይባላል፤ እሷ አንዴ ሞኝ ሆኜ አልቅሻለሁ፣ ዳግመኛ አላደርገውም ብላ ቆርጣለች።

ይኸው ሃያ ሁለት ቀን ሆነ። ጥቁር አልለበሰችም። የተላጨችው ፀጉሯ ማደግ ጀምሮ ቅቤ ትቀባዋለች። ሐሙስ ሐሙስ የእናቷን የደም ብዛት ክኒን በጨርቅ ጠቅልላ ለሚኒባሱ ሾፌር ትሰጠዋለች፤ ሾፌሩም እምቢ የሚልበት አንደበት አጥቶ ይቀበላታል፤ የክኒኑ ጥቅል ከመቀመጫው ሥር ሦስት ደርሷል። የአገሯ ሰው ምን ዓይነት ልጅ ናት፣ ለእናቷ እንባ የነፈገች እያለ ያማታል። ወይዘሮ ሉል እስከ ድንበር በመኪናቸው ሊያደርሷት ቢለምኗት፣ እናቴ ነይ ያለችኝ ለገና ነው፣ ለገና እሄዳለሁ ትላለች። አርባቸው ኅዳር 23 ነው። አርባው ሳያልፍ ካላለቀሰች፣ ለገና ስጦታ ይዛ፣ ብቻዋን፣ ሁሉ ሰው የእናቷን ሞት ወደሚያውቅበት ቤት ደርሳ በሩን ታንኳኳለች፤ እዚያ ስትወድቅ ደግሞ እኛ የለንም። ይህን ሳስበው ሥራ ላይ የልስን ማንኪያው ከእጄ ይወድቃል።

አምስተኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። መርዶ የሚታመነው በነጋሪው ፊት ነው፤ የእኛ ሰባታችን ፊት ደግሞ ለይመኙሻል የቀልድ ፊት ሆኖ ቀርቷል። ሌላ ሽማግሌ ብንልክም ሮቶ ሥር ማየቷ አይቀርም። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ ከተቻለ ማኅተሙን ራሱ የመታው ሰው፣ ኅዳር 23 ሳይደርስ መጥቶ ይንገርልን። ሰባተኛውን ቀልድ ለልጆች የሚሆን ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ውሸት ነበር፣ የእናትሽ ሞት ግን እውነት ነው ይበላት። ከጅግጅጋ ወዲህ ባለው መንገድ እኛ እንቀበለዋለን፤ ነጠላም እናውሰዋለን። ከእሱ የምንፈልገው መናገሩን ብቻ ነው። ስትወድቅ የምንይዛት እኛ ነን።

ይህን ጉዳይ በግልጽ ደብዳቤ ወደ አደባባይ ያወጣሁት ክብራችሁን ለመንካት አስቤ ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት በኢሜይል ለላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ሁለት ጊዜ ስለደረሰኝ ነው። ውድነቱን ተረድቻለሁ፤ ለዚህም ይሆናል ማንም ያልነካው።

ማኅተማችሁ ሳይደበዝዝ፣ ወንበራችሁ ሳይነቃነቅ፣ ቀጣዩ መጽሐፍ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብም እንደ ልማዳችሁ ሽፋኑ አምሮ እንዲታያችሁ እየተመኘሁ፣ እስከ ወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣

የንባብ ምርጫውን ለእናንተ ትቶ የተቀጣው፣
አቻምየለህ
ለሳኝ፣ የቀድሞ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ወጣት አንባቢዎች ከቀልዶቹ አንዱን ሞክረው ታሪኩን ቢልኩ የአሸናፊው ስም በሁለተኛው ክፍል እንደሚወጣ የሚገልጽ ግብዣ አትማችኋል። የኢዩና የትዝታ ታሪክ ከላይ በሙሉ ቀርቧልና በውድድሩ ይመዝገብልን። ኢዩ ከደብዳቤዬ ጋር እንድልክለት በራሱ እጅ አንድ መስመር ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ፊደሉን አላረምኩበትም፤ አያስፈልገውም ነበር። «ያሸነፍኩ እንደሆነ እባካችሁ ስሜን አታውጡ» ይላል።